በሰኔ ሚካኤል የታሰረው ኮምፕሬሰር

ባሌ አላምረው ደግ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለ እሱ ብዙ ደግ ነገር ስለማልናገር ነው። ጎንደር አዘዞ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲጣላ ገላጋይ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ተካይ እሱ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ክፍል ሙሉ ልጅ ላይ ስጮህ ውዬ ቤቴ ስገባም መጮኼን ቶሎ አላቆምም። እሱ ግን አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። ከሚጮህ ሰው ጋር መከራከር ይቻላል። አላምረው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፣ «ልክ ነሽ ሽታዬ» ይላል፣ ከዚያ ያሰበውን ያደርጋል።

የተወለደው ጥድ አምባ ነው፤ ከዳባት በላይ፣ መንገዱ ተስፋ ቆርጦ የሚቆምበት ቦታ። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞቱ ያሳደጉት እናቱ እትዬ ወርቅውሃ ናቸው። ዳባት ወርዶ ተማረ፤ ትምህርቱን ሲጨርስ የጎንደር ደባርቅ አውቶቡስ ረዳት ሆነ፤ ቀጥሎ የሰው መኪና ሾፌር፤ በመጨረሻም አንድ ድርጅት በጨረታ ያስወጣትን አሮጌ ላንድክሩዘር ገዝቶ የራሱ ጌታ ሆነ። መኪናዋ ድሮ ነጭ ነበረች። ቱሪስት በነበረበት ጊዜ ሰሜን ተራሮች ፈረንጅ ታመላልስ ነበር። ቱሪስቱ ሲጠፋ የክትባት ሠራተኛ፣ እህል፣ ሙሽራ፣ አስከሬንም ጭናለች። ሌላው ሾፌር «እዚያማ አልወጣም» ያለው መንገድ ሁሉ ለእሷ ይተዋል።

ሌላው የአላምረው ጠባይ በዓል አክባሪነቱ ነው። የወሩን ቀኖች የሚያውቃቸው በቁጥር ሳይሆን በታቦት ነው። የልጃችን ልደት መቼ ነው ብትሉት «የጊዮርጊስ ማግስት» ይላችኋል። ይህን የወረሰው ከእናቱ ነው። እትዬ ወርቅውሃ በሚካኤል ቀን ሥራ ሲሠራ ካዩ ያዩትን ሰው ሰላም አይሉትም ይባል ነበር። አንድ ጊዜ አላምረው አናጢ ዘንድ በርጩማ አሠርቶ ቢወስድላቸው፣ ገና ሳይቀመጡ «በምን ቀን ተጠረበ?» ብለው ጠየቁት። የበዓል ቀን አለመሆኑን ምሎ እስኪነግራቸው ድረስ ቆመው ቀሩ። እኔ ዳር ሆኜ ስስቅ እሱ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፣ ገደል ላይ በጭቃ የሚነዳ ሾፌር፣ እናቱ ፊት ሲቆም ግን ፈተና የወደቀ ተማሪ ይመስለኛል።

እንግዲህ የእትዬ ወርቅውሃ ዓይን በሞራ ተሸፈነ። መጀመሪያ ግራው፣ ከዚያ ቀኙ። ባለፈው ዓመት መምሸትና መንጋቱን ብቻ ነበር የሚለዩት። ከማጀት እስከ በር በእጃቸው ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። በዚህ በሰኔ ወር የዓይን ሐኪሞች ጎንደር መጥተው በነጻ የሞራ ቀዶ ጥገና እንደሚያደርጉ ሰማን። አስመዘገብናቸው። የተነገረን ነገር ግልጽ ነበር፤ እስከ አርብ ቀትር የደረሰ ይሠራለታል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ።

ወዲያው ወጥተን እንዳናመጣቸው እሳቸው እምቢ አሉ። የሰኔ ሚካኤል ረቡዕ ይውላል፣ ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። «ሚካኤልን ሳላነግሥ ካምባዬ አልወርድም፤ ሐሙስ ውጡልኝ» ብለው በጎረቤት ስልክ ላኩብን። ስለዚህ ሐሙስ ወጥተን፣ እዚያ አድረን፣ አርብ ማለዳ ወርደን፣ ከቀትር በፊት ጎንደር መግባት ነበረብን። ማታ እንዳንመለስ ከመሸ በኋላ በዚያ መንገድ የሚነዳ የለም። ሌላ መላ አልነበረንም።

ነገሩ ሁሉ የጎማ አየር ላይ ወደቀ። ከዳባት አስፋልቱን ለቀን ስንወጣ ረጅም የኮረት መንገድ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ዳገት በሰኔ ዝናብ ዋልካ ጭቃ ናት። ጎማው ጠጥሮ እንደተነፋ ከተሞከረ ያንሸራትታል፣ መኪናዋ ወደ ገደሉ ትሄዳለች። አየሩ ሲቀነስለት ጎማው ይዘረጋና መሬቱን ይይዛል። ችግሩ ሲመለሱ ነው። በሟሸሸ ጎማ ኮረት ላይ ከተነዳ ድንጋዩ ጎማውን ይቆርጠዋል፤ ዳባት እስኪገባ ድረስ ደግሞ አንድም ጎሚስታ የለም። አላምረው ይህን ሁሉ ዘመን አራቱንም ጎማ በእግር መንፊያ እየረገጠ ሲነፋ ኖሯል። ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ለአርብ ደግሞ ግማሽ ቀን አልነበረንም።

ኮምፕሬሰሩን ያገኘው ከአንድ ጓደኛው ነው። ክንድ የማታክል ብረት ናት፤ ሞተሩ አጠገብ ትታሰራለች፣ ኃይል ከባትሪው ትወስዳለች፣ ጋቢና ውስጥ ያለውን ማብሪያ ሲጫኑ አየር በጎማ ቱቦ ትተፋለች። ባሌ እንደዚያ ሲደሰት ያየሁት ስንጋባ ብቻ ነው። ገና ሳትገጠም የእግር መንፊያውን አይከል ለሚመላለስ ሾፌር ሰጠው። «አሁንማ አየሩ ከራሷ ከማኪናዋ ይወጣል» አለኝ። ደስታው ያሳዝን ነበር።

የሚገጥምለት አያ ወንዴ ነው፤ ወደ ማራኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ወፍራም ሽቦ ከባትሪው አወጡ፣ ባትሪው ሥር ፊውዝ አስገቡ፣ ማብሪያውን ከመሪው ጎን ገጠሙ። ኮምፕሬሰሯን ለሙከራ መሬት ላይ ጆንያ አንጥፈው አስቀመጧትና ማብሪያውን ተጫኑ። ጮኸች። የባዶ ጎማ ሆድ እያየነው ተነፋ። አያ ወንዴ «ሸጋ ናት!» ብሎ አጨበጨበ። የቀረው ከመኪናዋ አካል ጋር ማያያዝ ብቻ ነበር፤ ብረቱን በስቶ፣ ብሎን አስገብቶ፣ ዳዶውን ማጥበቅ። መሰርሰሪያውን አንሥቶ ሰካና መብራት ጠፋ።

ጠበቅን። ሻይ ጠጣን፣ ጠበቅን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ የመብራት ኃይልን ሲራገም አብረን ተራገምን። ቀኑ ሊመሽ ሲል አያ ወንዴ ዕቃውን ሰበሰበ።

«ነገ በጧት አበቃ» አለ።

«ነገማ ሚካኤል ነው» አለ አላምረው።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋራዡ ሄድን። መብራት ነበረ። እንዲያውም በሩ ላይ ያለው አምፖል በጠራራ ፀሐይ ይበራ ነበር፣ ልክ እንደሚሳለቅብን። አያ ወንዴም አስቀድሶ የመጣ ነው፤ ነጠላውን ሳያወልቅ የበሩን ግማሽ ከፍቶ ይጠብቀናል። መሰርሰሪያውን አንሥቶ «አንድ አፍታ ናት፤ ሚካኤልም ያውቃል፣ ለታመመ ሰው ነው» አለ።

አላምረው አንገቱን ደፋ።

«አይ አያ ወንዴ፣ በእሱ ቀን ብረት አናስበሳም።»

«ታዲያ ይቺ ምን ትሁን? በጭንህ ትይዛታለህ?»

ባሌ ሌሊቱን ሲያስበው ያደረ ነገር ነበረው። «ጥያቄ ልጠይቅዎት» አለ። «በሚካኤል ቀን ጥጃ ይታሰራል ወይስ አይታሰርም?»

«ይታሰራል።»

«ንግሥ የሚሄድ ሰው በቅሎውን ይለጉማል ወይስ አይለጉምም?»

«ይለጉማል።»

«እንግዲያው ማሰር ሥራ አይደለም። መብሳት ነው ሥራው። ዛሬ እናስራት፤ ነገ ከመውጣታችን በፊት ይበሷታል።»

መኪናው ውስጥ አሮጌ ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ነበረው፤ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጦ ገመድ አድርጎታል። በዕድሜው ያልተበላሸለት ነገር ሁሉ በካላማዳሪ የታሰረ ነው፤ የአልጋችን እግር እንኳ በእሱ ነው የቆመው። አያ ወንዴ ራሱን ነቀነቀ።

«አላምረው፣ እዚህ ቦታ ላይ ሞተሩ ይግላል። የጭስ ማውጫው በዚህ በታች ነው የሚያልፍ። ጎማው ይቀልጣል። ቢቸግር በሽቦ ልጠምዝዘው።»

«በምን ይጠመዝዙታል?»

«በፒንሳ ነዋ!»

«ፒንሳ ብረት ነው» አለ ባሌ።

አያ ወንዴ ወደ እኔ ዞረ። «እኔን አይዩኝ» አልኩት፤ «እኔ አገባሁት እንጂ አልወለድኩትም።» ከዚያ ግን መቀለድ አልቻልኩም። አላምረውን ከጋራዡ ደጅ አወጣሁትና በሰው ፊት የማልናገረውን ተናገርኩት። የምናወራው ስለ እናትህ ዓይን ነው፣ አልኩት። ብረት አይደለም የሚበሳው፣ ይህ የአንተ ግትርነት ነው መበሳት የነበረበት፣ አልኩት።

«ለእሷ ብዬ እኮ ነው ሽታዬ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማኪናው ውስጥ ስትቀመጥ ‹ይህ የሚጮኸው ምንድን ነው፣ በምን ቀን ሠራችሁት› ትለኛለች። ምን ልበላት? ልዋሽ?»

«አዎ፣ ዋሽ!»

አማተበ። በእኔ ላይ አማተበ! ገብቶም ኮምፕሬሰሯን በካላማዳሪ ጠፍሮ ጠፍሮ አሰራት። አስተሳሰሩስ ያምር ነበር፤ ይህን አልክደውም። አያ ወንዴ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲያይ ቆየና «ነገ ማለዳ እመጣለሁ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ቃሉን ጠብቆ ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ መጣ። እኛም ደረስን። መሰርሰሪያውን ሰካ። መብራት የለም። የእጅ መሰርሰሪያ ፈለገ፤ ጥርሱ የተሰበረ አንድ አገኘ፤ ብረቱን ጫር ጫር አድርጎ ተወው። ጄኔሬተር ያለው ጋራዥ አለ፣ እሱ ግን የሚከፈተው ረፈድ ሲል ነው፤ ረፈድ ሲል ከወጣን ደግሞ የከሰዓቱ ዝናብ ዳገቷ ላይ ይይዘናል። ሦስታችንም የጠፋውን አምፖል ቀና ብለን አየነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲበራ የዋለው ያ አምፖል! እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው።

አያ ወንዴ «እሺ ዛሬስ በሽቦ ልጠምዝዘው?» ብሎ ፒንሳውን አነሣ፤ አላምረው ግን እስሩን በእጁ ነካካው። «ንቅንቅ አትልም፤ ፈትተን ብናስራት ያስረፍደናል» አለ። ሄድን።

እስከ ዳባት ደህና ነበር። ኮረቱንም በደህና አለፍን። ዳገቷ ሥር ቆመን የጎማዎቹን አየር ቀነሰና መውጣት ጀመርን። መኪናዋ በከባድ ማርሽ እያቃሰተች፣ እየተንሸራተተች፣ እንደገና እየያዘች ትወጣለች። አላምረው በእንዲህ ያለ ቦታ ሌላ ሰው ነው፤ ፊቱ ይረጋል፣ እጁ አይቸኩልም። እኔ በሩን ጨብጬ ዳዊት እደግማለሁ። መሐል ላይ የሚቃጠል ጎማ ሸተተኝ።

«የሚሸት ነገር አለ» አልኩት።

«ፍሪሲዮኑ ነው፤ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ይሸታል።»

«ወርደህ ብታየውስ?»

«እዚህ ከቆምኩ አልነሣም ሽታዬ።»

እውነቱን ነበር። እዚያ ላይ መቆም አይቻልም። ግን አምባው ላይ ከወጣን በኋላ ማየት ይቻል ነበር። እናቱ ደጅ ላይ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በሞተሩ ድምፅ አቅጣጫ ፊታቸውን አዙረው ቆመው ሲያያቸው ኮፈኑን መክፈት ረሳ። «መጣህ? ሽታዬስ አለች?» እያሉ ፊታችንን በእጃቸው ዳሰሱ። «ነገ አያችኋለሁ፤ ቅዱስ ሚካኤል ያሳየኛል» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲመርቅ፣ ጠላው ሲቀዳ፣ ስንጫወት መሸ።

አርብ ማለዳ ወረድን። ጭቃው ላይ ጎማዎቹ እንደ ድመት እግር ነበሩ። ዳገቷን ጨርሰን ኮረቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፤ ጊዜ ነበረን። አላምረው መኪናዋን አቁሞ፣ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለና ማብሪያውን ተጫነ።

ቀጭ አለ። ሌላ ድምፅ የለም።

ኮፈኑን ከፈተ። እኔም ወርጄ አየሁ። ካላማዳሪው ቀልጦ እንደ ሙጫ ተዝረክርኳል። ኮምፕሬሰሯ ከቦታዋ ወርዳ የጭስ ማውጫው ላይ ተኝታለች። የአየር ቱቦዋ ተቃጥሎ ተበጥሷል፤ የሽቦዎቹ ልባስ ነዶ መዳቡ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ፊውዙን ለወጠ፤ አዲሱም ወዲያው ተቃጠለ። ቢሠራስ አየሩ በየት በኩል ሊወጣ?

«በፒንሳ ቢጠመዘዝ ኖሮ አይወርድም ነበር» አልኩት። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። የቀረውን አፌ ውስጥ ያዝኩት፤ እናቱ ከኋላ ተቀምጠዋል።

«ምነው ቆምን ልጄ?» አሉ።

«ትንሽ አየር ነው እማ፤ አሁን እንነሣለን።»

የምንጠብቅበት ጊዜም፣ የስልክ መረብም፣ የእግር መንፊያም አልነበረም። መንፊያው አይከል መንገድ ላይ የሰው ጎማ እየነፋ ነው። በሟሸሸው ጎማ በዝግታ ነዳ። እግረኛ ይቀድመን ነበር፤ አህያ የሚነዱ ሴቶች አልፈውን ሄደው፣ ወንዝ ላይ አርፈው፣ እንደገና አገኘናቸው። የመጀመሪያው ጎማ ተቆረጠ። በትርፉ ጎማ፣ በስኮርታው፣ ቀየረው። ትንሽ እንደሄድን ሁለተኛው ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ ነው። አላምረው መንገዱ መሐል ቆሞ ወደ ላይና ወደ ታች ያያል፣ ይመለሳል፣ የተቆረጠውን ጎማ በእግሩ ይመታል። ፀሐይ ከፍ እያለች ሄደች። እኔ ሰዓቴን ላለማየት እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። እትዬ ወርቅውሃ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

በመጨረሻ ድንች የጫነ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ መንፊያም መለጠፊያም ነበረው፤ ወርዶ ከባሌ ጋር ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ረዳን። እግዜር ይስጠው። ዳባት ስንገባ ቀትር ሆኗል። አስፋልቱን እስከ ጎንደር እንዴት እንደነዳው አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መንገድ ላይ ያቆሙን ፈታሾች እንኳ ፊቱን አይተው ሂድ አሉት።

ሐኪሞቹ የነበሩበት ግቢ በር ክፍት ነው። ውስጥ ሴቶች ወለል ያጥባሉ፤ አልጋዎች ታጥፈው ግድግዳ ተደግፈዋል። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፎ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ስታወጣቸው በር ላይ ተላለፍን። አንዲት ነርስ መጣች፤ የእትዬ ወርቅውሃን ስም ነገርናት።

«ሐኪሞቹ ጨርሰው ወጡ እኮ» አለች። «የእናታችሁን ስም ደጋግመን ጠራን።»

«የት ነው ያሉት?» አላት አላምረው። «ወደ አዘዞ አየር ማረፊያ ነው? አውሮፕላኑ ሳይነሣ ልድረስባቸው?»

ነርሷ በሐዘን አየችው። «ደርሰህ ምን ልታደርግ ወንድሜ? መንገድ ላይ ዓይን አይሠራ።» እትዬ ወርቅውሃን ወንበር ላይ አስቀምጣ በትንሽ ባትሪ ዓይናቸውን አየች። ሞራው በጣም ጠንክሯል፣ ባይቆይ ጥሩ ነው አለች። በመደበኛው ሆስፒታል ወረፋ አስይዙ፤ ረጅም ነው፣ ግን አስይዙ። ሐኪሞቹ ደግሞ ለከርሞ ይመጡ ይሆናል። «ይሆናል» የምትለውን ቃል ስሰማ ጆሮዬን መድፈን ፈለግሁ።

ደግፈናቸው ወደ መኪናው መለስናቸው። አላምረው መሪው ፊት ተቀምጦ ሞተሩን አላስነሣም።

«ምነው ዘገየን?» አሉ እናቱ። «አሁን ንገረኝ። ማልደን ነው የወጣን፤ የጧቱን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ። ምን ገጠመህ?»

ነገራቸው። አንዱንም ሳይደብቅ ነገራቸው፤ መዋሸት አያውቅማ። ስለ ኮምፕሬሰሯ፣ ስለ መብራቱ፣ ብሎን መግባት ሲገባው በካላማዳሪ ስለ መታሰሯ። «ቀኑ ሚካኤል ነበር እማ» አለ። «ለአንቺ ብዬ ነው። በእሱ ቀን ብረት የተበሳበት ማኪና ላይ አትቀመጭም ብዬ ነው።»

እትዬ ወርቅውሃ የተከደነ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ምነው በሚካኤል ታሳብባለህ?» አሉት። እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ይህን ለነፍስ አባቴ እንጂ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አባትህ ሲሞት እጄ ባዶ ነበር። አንተን ዳባት ለማስተማር የሥራው ቀን አልበቃኝም። በበዓሉ ቀን አንግሼ እመለስና በሬን ዘግቼ እፈትል ነበር። በሚካኤልም፣ በማርያምም። ጎረቤት ስትጣራ ‹አሞኛል› እላለሁ። የእንዝርቱ ድምፅ ውጭ እንዳይሰማ ከሥሩ ጨርቅ አነጥፍለታለሁ። ደብተርህ፣ ልብስህ፣ የዳባት ቀለብህ የዚያ ፈትል ነው። ሰው እንዳይጠረጥረኝ ነው በዓል የሻረውን ሁሉ እቆጣ የነበር። ሚካኤልን ‹ለልጄ ነው፤ ከተቆጣህ እኔን ተቆጣኝ፣ እሱን ተወው› እለው ነበር። ዓይኔ ሲጠፋም ተቆጣኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እኔ ላንተ ያን ሁሉ ቀን ሻርኩ። አንተ ለእኔ አንዲት ቀዳዳ መብሳት ፈራህ?»

አላምረው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉት፤ የመቀመጫውን መደገፊያ ዳሰሱ፣ ከዚያ ክንዱን አገኙና እዚያው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ለባሌ ያጠራቀምኩት ስድብ ብዙ ነበር። አንዱንም አልተናገርኩትም።